የልማት ጥቅልና የሥራ ጥቅል፦ የትኛው የት ይመዘገባል?

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል የሚያልፍ ሰው እንደሚያየው፣ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከቦ ይቆያል፤ ነዋሪው ሲገባ ግን መወጣጫው ተነሥቷል። በኤንፒኤም፣ ማለትም የጃቫስክሪፕት ጥቅሎችን (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን ኮዶች) በሚጭነው መሣሪያ፣ የሚሠሩ ጀማሪ ፕሮግራመሮችን ግራ የሚያጋባው፣ ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸው ጥቅሎች በሚዘረዘሩበት ፋይል፣ በፓኬጅ ጄሰን፣ "ዲፔንደንሲስ" (የሥራ ጥቅሎች) እና "ዴቭ ዲፔንደንሲስ" (የልማት ጥቅሎች) በተባሉት ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው።

ፕሮግራሙ ተጠቃሚን በሚያገለግልበት ጊዜ የሚጠራው ጥቅል፣ ለምሳሌ የድር ሰርቨር መሥሪያው ኤክስፕረስ፣ በመጀመሪያው ክፍል ይመዘገባል፤ ኮድ መፈተሻው ጄስትና ስሕተት ጠቋሚው ኢኤስሊንት ግን በሁለተኛው።

ብዙዎች የሚስቱት መለያየቱ ብቻውን የሚበቃ ሲመስላቸው ነው። በፕሮጀክቱ ማኅደር ውስጥ "ኤንፒኤም ኢንስቶል" ብቻ ሲታዘዝ በተለመደው ሁኔታ ሁለቱም ይጫናሉ፤ የልማት ጥቅሎቹ የሚቀሩት "ኦሚት ዴቭ" የሚለው አማራጭ ሲጨመር ወይም "ኖድ ኢኤንቪ" የተባለው ተለዋዋጭ "ፕሮዳክሽን" የሚል ዋጋ ሲሰጠው ነው። ሌላ ሰው የእናንተን ጥቅል በራሱ ፕሮጀክት ውስጥ ሲጭን ደግሞ የልማት ጥቅሎቻችሁ ጭራሹን አይከተሉትም፤ ስለዚህ በሥራ ጊዜ የሚያስፈልግ ጥቅል በስሕተት በልማት ጥቅሎቹ ክፍል ከተመዘገበ፣ በእናንተ ኮምፒውተር ያለ ችግር የሠራው ፕሮግራም በእርሱ ዘንድ ሞጁሉ አልተገኘም ብሎ ይቆማል። እንዲህ ያለው ስሕተት ጸሓፊው ራሱ የማያየው በመሆኑ ከሁሉ የከፋ ይመስለኛል።

በታይፕስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀይረው የታይፕስክሪፕት ጥቅል በሁለተኛው ክፍል መመዝገቡ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ኮዱ ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀየረው ሰርቨሩ ላይ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሁሉንም ጭኖ መቀየር፣ ከዚያም በ"ኤንፒኤም ፕሩን" ትእዛዝ ላይ "ኦሚት ዴቭ" ጨምሮ የልማት ጥቅሎቹን ማስወገድ ያስፈልጋል።