«ጋኦ ሞ»፦ ከገመድ ዝላይ የወጣች ሰምና ወርቅ

«ጋኦ ሞ» ሁለት ቃል ብቻ ናት። ከ1,400 ዓመት በፊት በሰሜን ቻይና ልጆች ገመድ እየዘለሉ ያዜሟት ነበር። «ጋኦ» ከፍ ያለ ማለት ነው፤ «ሞ» በመጀመሪያ የዛፍ ጫፍ፣ ከዚያም የማንኛውም ነገር መጨረሻ። ሰሙ «ከፍ፣ እስከ ጫፍ» ነው፤ ለሚዘል ልጅ ይስማማል። ኅብረ ቃሉ «ጋኦ» ላይ ተቀምጧል። ያኔ ሰሜን ቺ የተባለውን መንግሥት የሚገዛው ቤተሰብ ስሙ ጋኦ ነው፤ አጻጻፉም ያው አንድ ፊደል። ወርቁ እንግዲህ የጋኦ ቤት አበቃለት ነው።

አበቃለትም። እ.ኤ.አ. በ577 መጀመሪያ ንጉሡ ጋኦ ዌይ ዙፋኑን በቻይና የዕድሜ አቆጣጠር 8 ዓመት ለሆነው ልጁ ለጋኦ ሄንግ ትቶ ሸሸ። ከምዕራብ የመጣው የሰሜን ዦው መንግሥት ጦር «ዬ» የተባለችውን ዋና ከተማ ያዘ፣ አባትና ልጅም ተማረኩ።

ቃሏን ያቆየልን በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ታሪክ ጸሐፊው ሊ ባይያኦ ያዘጋጀው የሰሜን ቺ ታሪክ ነው፤ የተጠናቀቀው በ636። እዚያው ቦታ ሌሎች የውድቀት ምልክቶችም ተደርድረዋል፦ የሴቶቹ ሰው ሠራሽ ሹሩባ ሊበር እንዳለ ወፍ መንጋደዱ፣ ወደ ደቡብ ሲዞሩ የጉንጉኑ መሃል ወደ ምዕራብ ማየቱ፣ ቢላዋ ሠሪዎች ስለቱን አቅጥነው «ኃይል አለቀ» የሚል ስም ማውጣታቸው። በጥንቷ ቻይና የልጆች ዜማ እንደ ትንቢት ይቆጠር ነበር፤ ማርስ የተባለችው ፕላኔት ልጅ መስላ ወርዳ ታስተምራቸዋለች ይባላል። እኛም «ትንቢት ይቀድማል ለነገር» እንላለን። ግን ትርጓሜው የተጻፈው ቤቱ ከወደቀ ከ59 ዓመት በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልጆቹ «ከፍ» ብቻ ብለው ይሆናል።

ጽሑፉ ስለ ጨዋታው ያለው አጭር ነው፦ ገመዱን በሁለት እጅ ይይዛሉ፣ መሬት አስጠርገው ወደ ላይ ይመልሱታል፣ እየዘለሉ ያዜማሉ። «መሬት አስጠርገው» የምትለዋ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ናት። ገመዱ ካጠረ መሬቱን ሳይነካ ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል፤ ከረዘመ መሬት ላይ ይጥመለመልና ይዘገያል። ልኩን ለማግኘት መሃሉን ረግጦ ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ብብት አካባቢ ከደረሱ ለጀማሪ ይበቃል። ማሽከርከር ያለበት የእጅ አንጓ ነው። ክንድ ከተወራጨ እጆች ይራራቃሉ፣ ገመዱ ከመሬት ከፍ ይልና የጫማውን አፍንጫ ይይዛል። ዝላዩ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ «ጋኦ» ተብሎ ቢዘፈንም ከፍ ብሎ መዝለል ያደክማል እንጂ አይጠቅምም። ዛሬ የቻይና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች በአንድ ደቂቃ ስንት እንደዘለሉ ተቆጥሮ በአካል ብቃት ፈተና ይመዘገብላቸዋል።

ሌላው የጨዋታው የድሮ ስም «መቶ ገመድ መዝለል» ነው። በ1593 የቤይጂንጉ ሹም ሼን ባንግ እንደመዘገበው በጨረቃ አቆጣጠር በመጀመሪያው ወር 16ኛ ቀን ሁለት ልጆች 3 ሜትር ከምናምን የሚሆን ገመድ ወዲያና ወዲህ ይዘው ያወናጭፋሉ። ዓይን ሊከተለው ስለማይችል መቶ ይመስላል፤ ገመዱ ግን አንድ ነው። ሌሎቹ ተራ በተራ ይገባሉ። መግቢያው ገመዱ ፊት ለፊት አልፎ መሬት ሊመታ ሲል ነው፤ ያመነታ ልጅ ሲመለስ ይጠለፋል። የተጠለፈውን ልጅ፣ ገመድ ያዦቹ በዚያው ገመድ ይገርፉታል።