የባሕር ገጽ ሙቀት ምንድን ነው? የቴኔሪፌ ባሕር ለዋና የሚመቸው መቼ ነው?

የባሕር ገጽ ሙቀት የሚባለው በባሕር የላይኛው የውኃ ክፍል ላይ የሚለካው የሙቀት መጠን ነው። ልኬቱ በመርከቦች፣ በውኃ ላይ በሚንሳፈፉ መሣሪያዎችና በሳተላይት ይሰበሰባል። ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ ለዋናተኛ ከአየሩ ትንበያ ይልቅ ይህ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ከሞሮኮ ደቡባዊ ጠረፍ ባሻገር በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘውን የስፔን ደሴት ቴኔሪፌን እንውሰድ። በዚያ አየሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀዘቅዘው በጥር፣ የሚሞቀውም በነሐሴ ነው። ባሕሩ ግን ወደ 18 እና 19 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚወርደው በየካቲትና በመጋቢት ሲሆን፣ ወደ 23 እና 24 የሚደርሰው መስከረም ከገባ በኋላ ነው። አንድ ኪሎ ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ፣ ለአንድ ኪሎ አየር ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ ነፋስና ማዕበል የገጹን ውኃ ከታችኛው ጋር ስለሚያደባልቁት፣ ፀሐይ የምታሞቀው እጅግ ብዙ ውኃ ነው። የሸክላ ምጣድ ለመጋል ጊዜ እንደሚወስድና እሳቱ ከወጣ በኋላም ሙቀቱን ይዞ እንደሚቆይ ሁሉ፣ ባሕሩም የሐምሌንና የነሐሴን ሙቀት ይዞ እስከ ኅዳር ይዘልቃል።

ይሁንና የቴኔሪፌ ባሕር በኬክሮሱ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ባለው ርቀት ብቻ ሲታይ ከሚጠበቀው ይቀዘቅዛል። በቀይ ባሕር ዳር ያለችው ሻርም ኤል ሼክ በተመሳሳይ 28ኛው ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ብትገኝም፣ በነሐሴ ውኃዋ 28 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚፈስሰው ቀዝቃዛው የካናሪ የባሕር ጅረት ነው፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው የዘወትር ነፋስም በአፍሪካ ጠረፍ ላይ የገጹን ውኃ ወደ ውቅያኖስ እየገፋ፣ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ በምትኩ እንዲወጣ ያደርጋል።

የሙቀቱ ቁጥር ብቻውን ግን ባሕሩ ለዋና ምቹ መሆኑን አይናገርም፤ ብዙ ጎብኚዎች የሚዘነጉትም ይህንን ነው። 3,715 ሜትር ከፍታ ያለው የቴይዴ ተራራ የዘወትሩን ነፋስ ስለሚከልል፣ ደቡብ ምዕራቡ ዳርቻ አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው። ሰሜኑ ግን በተለይ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ በሩቁ ሰሜን አትላንቲክ የተነሣ ዐውሎ ነፋስ የሚልከውን ትልቅ ማዕበል ይቀበላል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስም ሳይኖር ማዕበሉ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1706 የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት በጋራቺኮ ከተማ ዳር የሠራቸው የተፈጥሮ ገንዳዎች ባሕሩ ሲረጋ እጅግ ያማሩ መዋኛዎች ናቸው፤ ማዕበል ሲነሣ ግን ውኃው በጥቁሩ ዐለት ላይ እየዘለለ ይገባባቸዋልና መግባት አደገኛ ነው። ከሳንታ ክሩስ ከተማ አጠገብ ያለው የላስ ቴሬሲታስ ዳርቻ በአንጻሩ ማዕበል ሰባሪ ግንብ ስላለው ለልጆች ይመረጣል።

በእኔ ግምት ለዋና ከሁሉ የሚሻለው መስከረም ነው፤ ውኃው ሞቅ ይላል፣ የሐምሌና የነሐሴ ነፋስ ይቀንሳል፣ የሰሜኑ ማዕበልም ገና አይበረታም። በየካቲት የሚዋኝ ሰው ትንፋሹ እስኪረጋጋ ድረስ ቀስ ብሎ ይግባ። በየትኛውም ወር ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ መዋኘት ክልክል ነው፣ ቢጫ ከሆነ ጥንቃቄ ያሻል፤ ጠባቂ በሌለበት ቦታም ትልልቅ ማዕበሎች በቡድን በቡድን ስለሚመጡ፣ ከመግባት በፊት ባሕሩን ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቆሞ መመልከት ያስፈልጋል።