ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ግቡን በምን ይለካ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በመስከረም መባቻ ብዙ ነጋዴ በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ቁጥር ይጽፋል፤ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ የሽያጭ ብር ነው። የትንንሽ ሱቆችን ሒሳብ በመሥራት በቆየሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ዕቃ አሠርቶ ወይም ገዝቶ የሚሸጥ ሰው የሚጎዳው ግብ በማጣቱ ብቻ አይደለም፤ የያዘው ግብ ገንዘቡ የት እንዳለ ስለማያሳየውም ጭምር ነው። ፀጉር አስተካካይ ሥራውን እንደጨረሰ ሒሳቡን ይቀበላል፤ ዕቃ ሻጭ ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ወደ ዕቃ ይለውጣል፣ ዕቃውም ተመልሶ ገንዘብ እስኪሆን ድረስ ይጠብቃል። ከታች የማነሣቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ጥበቃ ከመርሳት ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን በሽሮ ሜዳ እንዳሉት ያለ አንድ የሀበሻ ቀሚስ ሱቅ እንውሰድ፤ የብር መጠኖቹን ለስሌት እንዲያመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ።

«ግብ ማለት ይህን ያህል ብር መሸጥ ነው»

የሱቁ ባለቤት አንዱን ቀሚስ ከነስፌቱ በ4,000 ብር አሠርታ በ5,000 ብር ትሸጣለች እንበል። በወር 60 ቀሚስ ስትሸጥ 300,000 ብር ይገባል፤ ከዕቃው ዋጋ በላይ 60,000 ብር ይተርፋል፤ ለኪራይ፣ ለሠራተኛና ለመጓጓዣ 50,000 ሲወጣለት ለእርሷ 10,000 ብር ይቀራል። ይህች ሴት በወር 400,000 ብር ለመሸጥ ግብ አውጥታ በየቀሚሱ ላይ 500 ብር ብትቀንስ፣ ገበያው ደርቶላት 90 ቀሚስ ልትሸጥ ትችላለች። የገባው 405,000 ብር ስለሆነ ግቡ ተመትቷል። ነገር ግን ከአንድ ቀሚስ የሚተርፈው አሁን 500 ብር ብቻ ነው፤ የ90ው ተደምሮ 45,000 ይሆናል፤ ወጪው ደግሞ ያው 50,000 ነው። ግቧን በመታችበት ወር 5,000 ብር ከሰረች ማለት ነው። የቀድሞውን 60,000 ለማግኘት እንኳ በቅናሹ ዋጋ 120 ቀሚስ፣ ማለትም የበፊቱን እጥፍ፣ መሸጥ ነበረባት።

ስለዚህ የሽያጭ ግብ ሲጻፍ፣ ከአንድ ዕቃ የሚገኘው ትርፍ ከዚህ በታች አይወርድም የሚል ወለል አብሮት መጻፍ አለበት። ወለሉን ደግሞ ባለቤቷ ብቻ ሳትሆን ሱቁ ውስጥ ቆማ የምትሸጠው ልጅም ልታውቀው ይገባል፤ ዋጋ በክርክር በሚቆረጥበት ገበያ «እሺ፣ ለአንቺ ብዬ ነው» ተብሎ የሚተወው ሁለት መቶና ሦስት መቶ ብር በወሩ መጨረሻ የኪራዩን ያህል ሆኖ ይገኛልና።

«መደርደሪያው ከሞላ ሀብት አለ»

ከሁሉም ይልቅ ለመንቀል የሚያስቸግረው ይህ እምነት ነው፤ ዓይን የሚያየውን ማመን ስለሚቀል ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ለሰኔ 30 ቆጠራ በተጠራሁበት ሱቅ ከታችኛው ረድፍ የተጣጠፉ ቀሚሶችን ስናወጣ፣ በእጥፋቱ ላይ ያለው መስመር ወደ ቢጫነት አድልቶ ነበር፤ ጥለቱም ከሦስት ዓመት በፊት ሙሽራ ሁሉ የሚጠይቀው፣ አሁን ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት ነበር። በመዝገቡ ላይ ግን እያንዳንዱ ቀሚስ በሙሉ ዋጋው ሀብት ተብሎ ተይዟል።

ወደ ስሌታችን እንመለስ። በወር 60 ቀሚስ የሚሸጠው ሱቅ በአማካይ 60 ቀሚስ ብቻ ቢይዝ፣ ዕቃ ላይ የተቀመጠው ገንዘብ 240,000 ብር ነው፤ ይህም ገንዘብ በዓመት 12 ጊዜ ይገላበጣል። ያው ሱቅ 240 ቀሚስ ደርድሮ እንደበፊቱ በወር 60 ቢሸጥ ግን 960,000 ብር ታስሮ በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ይገላበጣል። ትርፉ አንድ ነው፤ ገንዘቡ አራት እጥፍ ነው። ጭማሪው በብድር የመጣ ከሆነማ ወለዱ ትርፉን ይበላዋል።

እኔ የምመክረው ግብ በዕድሜ የሚለካ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ሱቅ የገባበት ወር በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ ከአራት ወር በላይ የቆየውም ከአሥር አንድ አይብለጥ። አራት ወርና ከአሥር አንድ የሚለው የራሴ ግምት ነው፤ የቤት ዕቃ ወይም የጌጣጌጥ ነጋዴ ሌላ ልክ ሊያወጣ ይችላል። የቆየውን ዕቃ በኪሳራ መሸጥ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። ሆኖም በ4,000 ብር የተሠራውን ቀሚስ በ3,000 ሸጦ ገንዘቡን በየወሩ በሚወጣው ዓይነት ላይ ማዋል ይቻላል። በ4,000 የተሠራ ቀሚስ በ5,000 ሲሸጥ ገንዘቡ በየዙሩ በሩብ ስለሚያድግ፣ 3,000ው አንድ ዙር ሲገላበጥ 3,750፣ ሁለት ዙር ሲገላበጥ 4,687 ብር ገደማ ይሆናል፤ በሁለት ወር ውስጥ ኪሳራው ተመልሷል። መደርደሪያ ላይ የቀረው ቀሚስ ግን በሁለት ወር ውስጥ ይበልጥ ያረጃል እንጂ አንድ ብር አይወልድም።

«የዓመቱን ግብ ለ12 ማካፈል ይበቃል»

ለ12 የሚያካፍል ሰው መጀመሪያ ጳጉሜን ይረሳል፤ ለቀሚስ ነጋዴ ደግሞ ከእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት የሚበልጥ ቀን በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ነው። የዚህ ንግድ ዓመት የሚቆመው በበዓላት ላይ ነው፦ ዕንቁጣጣሽና መስቀል፣ ገናና ጥምቀት፣ ከጥምቀት በኋላ የሚደራው ሠርግ፣ በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ የሚመጣው ዝምታ፣ ከዚያም ፋሲካና የዳግም ትንሣኤ ሰሞን ሠርግ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር ከተሸጠው ጋር ማነጻጸርም ሁልጊዜ አያስተማምንም። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ደግሞ ሚያዝያ 4 ቀን ውሏል። የበዓሉ ግዢ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት የሚጀምር ከሆነ፣ በ2016 ሙሉ በሙሉ ሚያዝያ ውስጥ የወደቀው ሽያጭ በ2018 አብዛኛው መጋቢት ውስጥ ይገኛል። መጋቢትን ከመጋቢት ጋር ያነጻጸረ ሰው በከንቱ ይደሰታል፣ በሚያዝያም በከንቱ ይደነግጣል። መነጻጸር ያለበት የፋሲካ ሰሞን ከፋሲካ ሰሞን ጋር ነው።

ከዚህም በላይ የዝምታ ወራት የራሳቸው ግብ አላቸው። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ፣ ጥለቱን ጥሎ፣ ልብስ ሰፊውም በተራው ሠርቶ እስኪያስረክብ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ለዕንቁጣጣሽ የሚሸጠው ቀሚስ በሐምሌ መታዘዝ ይኖርበታል። የሐምሌ ግብ እንግዲህ የሽያጭ ሳይሆን የትእዛዝ ነው፦ ስንት ቀሚስ ታዘዘ፣ ለስንቱ ቀብድ ተከፈለ። በነሐሴ መጨረሻ የሚሯሯጥ ሰው የሸማኔውን ተራ አያገኝም፤ ቢያገኝም በውድ ነው።

«የተረፈኝ፣ ከገዛሁበት ዋጋ በላይ የሸጥኩት ነው»

ዋጋ በማይናወጥበት ጊዜ ይህ ልክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ በሚገባ ክርና ጨርቅ የሚያሠሩ ነጋዴዎች ያኔ በእጃቸው የነበረውን በድሮው ሒሳብ በትርፍ ሸጠው፣ በገንዘቡ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሰው መግዛት አቅቷቸዋል። በዚያ ሰሞን ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ሱቆች ሲታሸጉም ስላየን፣ መፍትሔው ዋጋን እንደልብ መስቀል አለመሆኑ ግልጽ ነው። የሚሻለው ከብሩ ጎን በቀሚስ መቁጠር ነው፤ በወሩ መጀመሪያ በሱቅ ያለው ዕቃና በእጅ ያለው ገንዘብ በዛሬው የማሠሪያ ዋጋ ስንት ቀሚስ ይሆናል፣ በወሩ መጨረሻስ? ቁጥሩ ከቀነሰ፣ ባለቤቷ ከሱቁ ለቤት ያወጣችው ገንዘብ ትርፍ ሳይሆን ካፒታሏ ነው።

«ተከታይ ከበዛ ሽያጩ ይከተላል»

የቴሌግራም ቻናልና የቲክቶክ ገጽ ጠቃሚ መሆናቸውን አልክድም፤ ነገር ግን መቆጠር ያለበት ዋጋ ከጠየቁት ውስጥ ስንቱ ቀብድ እንደከፈሉ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላሉ ደንበኞች ለሚልክ ሱቅ ሌላም ቁጥር አለ፦ ልኩ ያልሆነው ቀሚስ። ሽሮ ሜዳ ያለች ደንበኛ በማግስቱ መጥታ ታሳጥራለች፤ ባሕር ማዶ የደረሰ ቀሚስ ግን የመመለሻው ክፍያ ትርፉን ጨርሶ ስለሚወስድ፣ የልክ ስሕተትን መቀነስ አሥር ሺህ ተከታይ ከመጨመር የበለጠ ግብ ነው።

«ግብ ማውጣት የትልልቅ ድርጅቶች ሥራ ነው»

ይህን የሚሉት ነጋዴዎች ብዙዎቹ እቁብ ይጥላሉ፤ በየሳምንቱ የተወሰነ መጠን ለይቶ ማስቀመጥና በታወቀ ጊዜ መቀበል ግብ ካልሆነ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም። የሚጎድለው ማዛመዱ ነው። ዕጣው በጥቅምት ወጥቶ ገንዘቡ ለሶፋ ከዋለ፣ ለሐምሌ ቀብድ ብድር ይፈለጋል። እቁብተኞች ተራ ስለሚቀያየሩ ግን ሰብሳቢውን አስፈቅዶ ተራን ወደ ሐምሌ ማዛወር ይቻላል። አንዲት ደንበኛዬ ይህን ካደረገች በኋላ የዓመት ዕቅዷ በደብተሯ ጀርባ ላይ በአራት መስመር አልቋል፤ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «እስከ ሐምሌ 30፣ 140 ቀሚስ ሸማኔ ዘንድ፣ ቀብድ ከእቁቡ።»