ሌየር ቱ «በሩብ ሰከንድ ጨረሰ» ሲባል ምኑን ነው የጨረሰው?

ሌየር ቱ የሚባሉት ኢተሪየም በተባለው የክሪፕቶ ብሎክቼይን ላይ ተደርበው ትራንዛክሽን የሚያስተናግዱ ኔትዎርኮች ናቸው። ስለ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲባል ይሰማል፦ «አርቢትረም በሩብ ሰከንድ ይጨርሳል፣ ኦፒ ሜይንኔት ሁለት ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ አርቢትረም ይበልጣል።» ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ብሎክ (አዲስ የትራንዛክሽን መዝገብ ገጽ) የሚያወጡት በዚያ ፍጥነት ነው። ስህተቱ ያለው «ይጨርሳል» የሚለው ቃል ላይ ነው።

አዳማ መናኸሪያ፣ አዲስ አበባ የሚጭን ሚኒባስ አጠገብ ቁሙ። ተራ አስከባሪው «ግቡ፣ ቦታ አለ» ይላችኋል። ይህን ለማለት ሰከንድ አይፈጅበትም። አዲስ አበባ ግን አልደረሳችሁም፤ መኪናውም ገና አልሞላም። ሲኩዌንሰር የሚባለው እንዲህ ያለ ተራ አስከባሪ ነው፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀድም ይወስናል። ዋሌታችሁ (የክሪፕቶ ቦርሳችሁ) ላይ «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት በመጀመሪያ የእሱ ቃል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን ይጠብቃል፤ ያም ሆኖ ቃል ነው።

መኪናው ሲሞላ ወደ ፍጥነት መንገዱ ይወጣል። እዚያ የሚከፈለው በመኪና ነው እንጂ በተሳፋሪ ቁጥር አይደለም። ሮልአፕ፣ ማለትም እንዲህ የሚሠራ ሌየር ቱ፣ የረከሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙ ትራንዛክሽኖች በአንድ ባች (ጥቅል) ታሽገው ኢተሪየም ላይ ስለሚጫኑ ሂሳቡን ይካፈሉታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ብሎብ የተባለው የመረጃ ቦታ ሲከፈት ደግሞ ዋጋው የባሰውን ወረደ። (ብሎብ ከ18 ቀን ገደማ በኋላ ከኖዶች (ኔትዎርኩን ከሚያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሮች) ላይ ይሰረዛል፤ «ኢተሪየም ላይ ለዘላለም ይቀመጣል» የምትሉ ይህን ያዙልኝ።) ባቹ ከተጫነ በኋላም ኢተሪየም ራሱ እንዳይቀለበስ አድርጎ እስኪያጸድቀው 13 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ፍጥነት ማወዳደር የፈለገ ሰው ትራንዛክሽኑን ኤክስፕሎረር (የትራንዛክሽን መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ ከፍቶ፣ ባቹ ኢተሪየም ላይ የገባበትን ሰዓት አይቶ፣ እስከዚያ የፈጀውን ይቁጠር።

«ትራንዛክሽን እስኪጸና 7 ቀን ይፈጃል» የሚባለውም በተቃራኒው አቅጣጫ የተምታታ ነው። ኦፕቲሚስቲክ ሮልአፕ (እንደ አርቢትረምና ኦፒ ሜይንኔት፣ ካልተቃወሙት በቀር ውጤቱ ልክ ነው ተብሎ የሚወሰድበት) ላይ 7 ቀን የሚጠበቀው በራሱ ድልድይ (በማሻገሪያ ፕሮግራሙ) ገንዘብ ወደ ኢተሪየም ሲወጣ ነው፤ የሐሰት ውጤት ከቀረበ መቃወሚያ ጊዜ እንዲኖር። የራሱን ኖድ የሚያንቀሳቅስ ሰው መረጃው ኢተሪየም ላይ እንደጸና ውጤቱን ራሱ አስልቶ ያውቀዋል።

«ሌየር ቱ ኢተሪየም ላይ ስለተሠራ ያልተማከለ ነው» የሚሉም አሉ። ያልተማከለው መንገዱ፣ ኢተሪየም፣ ነው፤ ተራ አስከባሪው አንድ ነው። አርቢትረም ዋን (ዋናው የአርቢትረም ኔትዎርክ)፣ ኦፒ ሜይንኔትና ሌላው ሌየር ቱ ቤዝ እያንዳንዳቸው በአንድ አካል በሚመራ ሲኩዌንሰር ሲሠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2023 የአርቢትረም ሲኩዌንሰር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሟል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2024 ሊኔያ በተባለው ሌየር ቱ ላይ የሚሠራው የክሪፕቶ መገበያያ ቬሎኮር ሲዘረፍ የሊኔያ ቡድን ብሎክ ማውጣቱን በራሱ ውሳኔ አቁሟል። ዓላማው ጉዳቱን መቀነስ ነበር፤ ነገር ግን ማቆሚያው በማን እጅ እንዳለ በግልጽ ታይቷል። በሁለቱም ቀን ኢተሪየም ሥራ ላይ ነበር።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ተራ አስከባሪው «አልጭንም» ቢላችሁ በየት ትሄዳላችሁ? አርቢትረም ላይ ትራንዛክሽኑን ኢተሪየም ላይ ባለው የዘገየ መቀበያ ኮንትራክት (ራሱን የሚያስፈጽም ፕሮግራም) ታስገባላችሁ፤ ወደ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ያለ ሲኩዌንሰሩ ፈቃድ በግድ ይገባል። ኦፒ ሜይንኔት ላይ 12 ሰዓት ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚቀረው ግን ጋዙ (የትራንዛክሽን ክፍያው) ላይ ነው፤ የሚከፈለው ዋናው ኢተሪየም ላይ ባለ ኢተር (የኢተሪየም ገንዘብ) ነው። ያለውን ሁሉ በዩኤስዲቲ (በዶላር ዋጋ በተመሠረተ ክሪፕቶ) ለውጦ ሌየር ቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው በሩን እያየ መውጣት ያቅተዋል። ዩኤስዲቲን ደግሞ አውጪው ድርጅት ራሱ ሊያግደው ይችላል፤ ሲኩዌንሰሩ አንድ ሆነ መቶ፣ ይህን አይለውጠውም።