ዋን ሾት ምንድን ነው?

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ይዘው ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ሲነሣ ብዙ ሰው ገና ከሩቁ ይደክመዋል። ወፋፍራም የሕግ መጻሕፍት፣ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ፣ በየሳምንቱ እየተገናኙ ለዓመታት የሚጎትቱት ታሪክ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ይህ ጨዋታ እውነትም ጊዜ ይበላል። ግን በአንድ ማታ ተጀምሮ በዚያው ማታ የሚያልቅ አጨዋወትም አለ። ዋን ሾት የሚባለው እሱ ነው።

መሠረቱ ያው ነው። አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል። ቦታውንም፣ ጠላቱንም፣ አየሩንም ሳይቀር የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዙና «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። መሳካቱ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ በቃ። «ለሳምንት ይደር» የሚባል ነገር የለም።

ሕጉ ምን ያህል ሊያጥር እንደሚችል ማየት የፈለገ ሃኒ ሃይስትን ይመልከት። እንግሊዛዊው ግራንት ሃዊት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጨዋታ ነው፤ ሕጉ በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ያልቃል። ተጫዋቾቹ ማር ሊዘርፉ የተነሡ ድቦች ናቸው። እያንዳንዱ ድብ ያለው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፦ ድብነትና ወንጀለኝነት። ሁለቱም ከ3 ይጀምራሉ። በር ለመስበር ድብነት፣ ዘበኛ ለማታለል ወንጀለኝነት። ተራውን ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ትጥላለህ፤ የወጣው ከቁጥርህ እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ተሳካልህ። ዕቅድ ሲበላሽ ድቡ ይበሳጭና አንድ ነጥብ ከወንጀለኝነት ወደ ድብነት ይዞራል። ያለ እንከን ሲሳካ ደግሞ ስግብግብነቱ ይነሣበትና በተቃራኒው ይሆናል። አንዱ ቁጥር 6 ከደረሰ አለቀልህ፦ ወይ ጭራሽ አውሬ ትሆናለህ፣ ወይ ጓደኞችህን ትከዳለህ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ማንም ባይቸኩል እንኳ ቁጥሮቹ ራሳቸው ጨዋታውን ወደ መጨረሻው ይገፉታል። (ድቡ የሚያደርገው ባርኔጣም በዳይስ ይወሰናል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁ።)

የራስህን ዋን ሾት ስታዘጋጅ ታሪኩን ከአንድ በዓል ብትነሣ ይመቻል፤ ግማሹን ሥራ ያቀልልሃል። ጊዜ የሚበላው ዓለሙን ማስረዳት ነው፤ ንጉሡ ማነው፣ ማን ከማን ተጣላ። በዓል ከሆነ ግን ማብራሪያ የሚፈልግ የለም፣ ቀነ ገደቡም አብሮ ይመጣል። የኦስትሪያንና የደቡብ ጀርመንን ክራምፐስ እንውሰድ። ቀንዳም፣ ጠጉራም ፍጡር ነው። ዲሴምበር 5 ማታ፣ በቅዱስ ኒኮላስ በዓል ዋዜማ፣ ያጠፉ ልጆችን በልምጭ ይገርፋል፤ የባሰባቸውን ደግሞ ጀርባው ላይ ባዘለው ቅርጫት ይዞ ይሄዳል ይባላል። ከዚህ ተነሥተህ ተጫዋቾቹን የአንድ ተራራማ መንደር ልጆች አድርጋቸው። ክራምፐስ የአንዳቸውን ታናሽ ወንድም ወስዶታል፤ ሳይነጋ ማስመለስ አለባቸው።

ገጸ ባሕርይ ለመሥራት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ዘንድሮ ምን አጥፍተሃል?» አንዷ «የቄሱን ፍየል ሰማያዊ ቀለም ቀብቻለሁ» ትላለች። ሌላው «ደወል ቤቱ ላይ ወጥቼ በሌሊት ደውያለሁ» ይላል። ጥፋታቸው ችሎታቸው ይሆናል። እሷ ማስመሰል ትችላለች፣ እሱ መውጣት ይችላል። እዚህ ጨዋታ ላይ እንደ ድቦቹ አይደለም፤ በባለ ስድስት ገጹ ዳይስ 4 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ተሳካ፤ በሚችሉት ነገር ላይ ግን ሁለት ዳይስ ጥለው የተሻለውን ይወስዳሉ። ሌላ ሕግ አያስፈልግም።

ዳይሱ እንቢ ሲል ጨዋታው አይቁም። ደዋዩ ገደሉን ሲወጣ 2 ወጣበት እንበል። «አልቻልክም» ካልከው ሁሉም ዝም ብሎ ይተያያል። ይልቅ ይውጣ፣ ግን የረገጠው ድንጋይ ተንከባሎ ታች የተኛውን ክራምፐስ ይቀስቅሰው። ያኔ ጠረጴዛው ይንጫጫል።

አዳዲስ አጫዋቾች የሚሸወዱት መግቢያው ላይ ነው። ገጸ ባሕርያቱ መጠጥ ቤት ተገናኝተው እስኪተዋወቁ ድረስ አንድ ሰዓት ውልቅ ይላል። ከመሃል ጀምር። ልጆቹ በረዶው ላይ የሰኮና ዱካ እየተከተሉ ነው፣ ፋኖሱ ሊጠፋ ነው፣ ምን ታደርጋላችሁ? ሦስት ቦታ ይበቃል፦ ደኑ፣ ዋሻው፣ የመልስ መንገዱ። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ግን አይነካም። ጊዜ ካጠረ ደኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር እለፈው፤ ማንም ልብ አይለውም። መጨረሻው ሳይታይ የተበተነ ዋን ሾት፣ ለእኔ ባይጀመር ይሻል ነበር።

ከሦስት እስከ አምስት ተጫዋች ሲሆን ደስ ይላል። ከዚያ ሲበዛ ተራ መጠበቁ ያሰለቻል። አርፍዶ ለሚመጣ ጓደኛም ቦታ አለው፦ ቅርጫቱ ሲከፈት ውስጡ ሌላ ልጅ ተገኘ በል፣ ምን አጥፍቶ እንደገባ ጠይቀው።