«ጥፋቱ የኔ ነው» እየተባለ የሚቀር ካሳ

ገላን ውስጥ፣ ከምኖርበት ግቢ ጀርባ ያለ አንድ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ጣቱን ማሽን በላው። ልጠይቀው ስሄድ ፋሻው ገና አልተፈታም። እናቱ ቡና እያፈሉ «ልጄ ቸኩሎ ነው እንጂ ሰዎቹ ምን አደረጉት» ይላሉ። ትራሱ ሥር ፖስታ አለ፤ 15 ሺህ ብር። የሽፍት አለቃው ነው ያመጣለት። አብሮ አንድ ወረቀት አስፈርሞታል። ምን ይላል ብዬ ስጠይቀው «አላነበብኩትም፤ ቀኝ እጄ ታስሮ በግራ ነው የፈረምኩት» አለኝ።

ጠበቃ አይደለሁም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን (ቁጥር 1156/2011) ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በዚያ ቡና ላይ የሰማሁት ሁሉ ከአዋጁ ጋር የሚጣላ ነበር።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ምን ብዬ እከሳለሁ?»

ሰውን ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይሄ ነው። አዋጁ ፍጹም ሌላ ነገር ይላል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ማን ቸኮለ፣ ማን ዘነጋ የሚለው ካሳውን አያስቀርም። አሠሪው የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያን መጣስ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያው ይቆጠራል። በቃ።

«ጓንት አላደረገም» ብለውታል አሉ። ለመሆኑ ተሰጥቶታል? መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ልጁን ስጠይቀው ሳቀ። «አንድ ጥንድ ጓንት ለሁለት ሰው ነው። ያን ቀን ተራው የባልደረባዬ ነበር።»

እንዲያውም አሠሪው ራሱ አጥፍቶ ከሆነ፣ ከዚህ ካሳ በተጨማሪ በሌላ ሕግ መጠየቅ ይቻላል።

«ፈርሜ ብር ተቀብያለሁ፣ አልቋል»

ደግነቱ ያስታመመው ጓደኛው ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር። «በስምምነት ሥራ ለቅቄያለሁ፤ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ይላል። ብልጥ ወረቀት ነው። ነገር ግን አዋጁ አሠሪና ሠራተኛ ተስማምተው ሲለያዩም ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት ትቻለሁ ማለቱ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም ይላል።

እስኪ እናስላው። ልጁ በወር 6,000 ብር ያገኛል እንበል። ከጉዳቱ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፦ 18,000። ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፦ 13,500። ለቀሩት ስድስት ወራት ቢያንስ ግማሹ፦ 18,000። ዓመቱን ሙሉ መሥራት ካልቻለ 49,500 ብር ማለት ነው። ቀድሞ ከዳነ ክፍያው ያኔ ይቆማል። ሕክምናው፣ ቀዶ ጥገናው፣ መድኃኒቱ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካሉ ለብቻው ነው፤ ከዚህ አይቀነስም።

የጣቶቹ ጉዳይ ደግሞ ገና አልተነካም። የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይወስናል። ጡረታ የሚቆረጥለት ከሆነ ካሳው ከጡረታው ሕግ ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ 7 በመቶ መቆረጡን እዩ። ጡረታም መድንም ከሌለው አሠሪው ራሱ በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ጨርሶ መሥራት ለማይችል ሰው የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው፤ ለከፊል ጉዳት እንደ መቶኛው።

ከዚህ ሁሉ ጋር 15 ሺውን አስተያዩት።

«ውል የለኝም፣ የቀን ሠራተኛ ነኝ»

የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አልተባለም። በቃልም ውል ነው። እንዲያውም ወረቀት ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ኮንስትራክሽን ሳይት ላይ ይሄን ሲያደርግ ያየሁት አሠሪ የለም፤ ያ ግን የሠራተኛውን መብት አያሳጣም። የሚከብደው እዚያ መሥራትህን ማሳየት ነው። ባጅ፣ የባንክ ወይም የቴሌብር ክፍያ፣ አብሮህ ሲሚንቶ የተሸከመ ምስክር፤ ያለህን ያዝ።

«ሰርቪስ ላይ ነው የተጎዳሁት፣ ሥራ ላይ አይደለም»

ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ወይም በተከራየው መኪና ስትሄድ ወይም ስትመለስ የደረሰ ጉዳት የሥራ ጉዳት ነው።

«መጀመሪያ ልዳን፣ ከዚያ እከሳለሁ»

እናቶች ሁሉ የሚሉት ነው፤ አይፈረድባቸውም። ግን የካሳ ጥያቄ በአንድ ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ያልፋል። ፋሻ መቀየር፣ ፊዚዮቴራፒ፣ «ነገ ና» የሚል የሰው ኃይል ክፍል፤ ዓመቱ እንዴት እንዳለቀ አይታወቅም። የሐኪሞች ቦርዱ እያመላለሳችሁ ቢዘገይም ክሱን በጊዜ ማስገባት ይሻላል።

«ያባርሩኛል፤ ለጠበቃም የለኝም»

መክሰስ ከሥራ ለማባረር በቂ ምክንያት እንዳልሆነ አዋጁ በግልጽ ጽፎታል። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም። ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ታዟል (በተግባር ስንት ቀጠሮ እንደሚሰጥ አትጠይቁኝ)። የት እንደምትከሱ ግን አጣሩ። አቃቂ ቃሊቲ አዲስ አበባ ነው፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ገላን ደግሞ ኦሮሚያ፣ ሸገር ከተማ ነው። በዚህ የተነሳ ወረቀቱን ይዞ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው የሚመላለስ ሰው አይጠፋም።

ልጁ ባለፈው ሰኞ ከእናቱ ጋር ፍርድ ቤት ሄደ። የሕክምና ወረቀቱን፣ ባጁንና የታተመውን ፎቶ በፌስታል ጠቅልለዋል። እናቱ በር ላይ ቆም ብለው «ፖስታውንስ እንመልስላቸው?» አሉኝ። አይመልሱት፣ አይደብቁትም፤ ስንት እንደተቀበሉና መቼ እንደሆነ ክሱ ላይ ይጻፍ አልኳቸው።