መኪና ትራፊክ ላይ ብቻ ሲሞቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መንገዱ ክፍት ሲሆን የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ይቆማል። መገናኛ ደርሰው መኪኖች መጠጋጋት ሲጀምሩ መርፌው ወደ ቀዩ ይወጣል፤ ትንሽ ከተነዳ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ብቻውን በሽታውን ግማሽ ይናገራል። መኪና ሲሮጥ ራዲያተሩን ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም ያ ሥራ በሙሉ ፋኑ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈተሸው አየር ነው። ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ መኪና ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚጠረጠረው ውስጡ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ነው።

«ቴርሞስታቱን አውጥቶ መገላገል ነው»

ይህን ምክር ያልሰማ ባለ መኪና የለም። ቴርሞስታት ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቅ በር ነው፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። እዚያው ላይ ግን ሁለተኛ ሥራ አለው፦ ሲከፈት ከሥሩ ያለው ክብ ሳህን፣ ውሃው በራዲያተር ሳያልፍ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩን የሚዘጋው የለም፤ የፈላው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፤ ማታ ትራፊክ ላይ ደግሞ ይፈላል።

ከጠረጠራችሁት በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ አፍሉት። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቴርሞስታቱ ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ሲጠጋ ነው። ግማሽ ብቻ ከፈተ ብላችሁ እንዳትጥሉት። የሚጣለው ጭራሽ ያልከፈተው ወይም ቀዝቅዞም ያልዘጋው ነው።

«ፋኑ ይዞራል፤ እሱ ጋ ችግር የለም»

መዞሩ አይበቃም፤ በየት በኩል እና በምን ኃይል ነው? ሞተሩን አስነስታችሁ ኤሲውን አብሩ፤ በብዙ መኪኖች ፋኑ ወዲያው ይነሳል። ከዚያ አንድ ቅጠል ሶፍት ከፊት በኩል ፍርግርጉ ላይ አስጠጉ። ተስቦ ከተለጠፈ ደህና ነው። ወደ እናንተ ከተገፋ ፋኑ ተገልብጦ እየዞረ ነው፤ የፋኑ ሞተር ተቀይሮ ሁለቱ ገመዶች ሲለዋወጡ የሚመጣ ስህተት ነው። ተለጥፎ ቶሎ ከወደቀ ደግሞ ካርቦኑ ያለቀ ሞተር ወይም የዛገ ሶኬት አለ። ፋኑ እየዞረ ሶኬቱ ላይ በቴስተር ለኩ፤ ባትሪው 13.8 ቮልት እያለው ሶኬቱ ላይ 10 ከመጣ ኃይሉ ሪሌው (ለፋኑ ኃይል የሚለቀው ማብሪያ) ወይም ኔጌቲቭ ገመዱ ላይ እየቀረ ነው።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎች ላይ ሌላ ቀላል ፈተና አለ። ቁልፉን ኦን አድርጋችሁ ራዲያተሩ ሥር ያለውን የሙቀት ቡልብ (ውሃው ሲሞቅ ፋኑን የሚያስነሳ ስዊች) ሶኬት ንቀሉ። ፋኑ ከተነሳ ፊውዙ፣ ሪሌውና የፋኑ ሞተር ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬው ቡልቡ ላይ ይቀራል። ፋኑን በቀጥታ ከቁልፍ ጋር ማሰር ጥገና አይደለም፤ ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌ ከታሰረ ደግሞ ገመድ ያቃጥላል።

የፋኑ ፕላስቲክ ቤት ተሰብሮ ተጥሎ ከሆነም መልሱት። እሱ ከሌለ ፋኑ የሚስበው ፊቱ ያለችውን ክብ ቦታ ብቻ ነው፤ ጥጎቹ ሥራ ይፈታሉ።

«ክዳን ሁሉ አንድ ነው»

ለእኔ ከተማችን ውስጥ በጣም የተናቀው ዕቃ የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተጽፎ ታያላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት ነው፣ በባር። ባለ 0.9 ክዳን በትክክል ሲይዝ ንጹህ ውሃ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው ከደረቀ ግን ግፊት የለም፤ ውሃው 92 ላይ ይፈላል። ብዙ ፋን የሚነሳው 93 አካባቢ መሆኑን አስቡት፦ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ፈልቷል ማለት ነው። ምልክቱ ይህ ነው፦ ትርፍ ጠርሙሱ ሲሞላ ይታያል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ውሃው ወደ ራዲያተር አይመለስም። ሲቀየር በተጻፈው ቁጥር ይቀየር፤ ለ0.9 መኪና 1.1 መግጠም ያረጀ ማኒኮቶ (የራዲያተር የጎማ ቱቦ) ሊያፈነዳ ይችላል።

«ኩላንት ለበረዶ አገር ነው»

ኩላንት ራዲያተር ውሃ ላይ የሚጨመር ፈሳሽ ነው፤ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑን ራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥ ይተዋል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ይበቃል። ሳይበረዝ ንጹሑን መሙላትም ስህተት ነው፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያንሳል። ተበርዞ የሚሸጥም ስላለ ጽሑፉን አንብቡ። ቀለም ዓይነቱን አይናገርም።

«ራዲያተሩን በየሳምንቱ አሳጥባለሁ»

የሚታጠበው ፊት ለፊት የሚታየው የኤሲው ኮንደንሰር ነው። አቧራው የሚጠቀጠቀው በእሱና በራዲያተሩ መሃል ነው። ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀላል ግፊት ይረጭ፤ የላቫጆ ፓምፕ ቀርቦ ከተተኮሰ የራዲያተሩን ቀጫጭን ክንፎች ያጣጥፋል።

«ፈላ! ክዳኑን ክፈትና ውሃ ጨምር»

ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ይጠፋል፣ ውሃው በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ደግሞ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊሰነጥቅ ይችላል። ኤሲ አጥፉ፣ ማሞቂያውን በሙሉ ኃይል ክፈቱ፣ ዳር ያዙ፣ ሞተር አጥፉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ የላይኛው ማኒኮቶ ሲጨበጥ ከለሰለሰና ካልጋለ ክዳኑን በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። ቪትዝ የምትነዱ ይበልጥ ተጠንቀቁ፦ ብዙዎቹ መርፌ የላቸውም፤ ቀይ መብራት ሲበራ ጊዜው አልቋል።

«ፈላ ማለት ጋርኒሽን ተቃጥሏል»

ጋርኒሽን በቴስታታና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ግን ቴስታታ ከማስወረድ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱት። ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ሲነሳ ማኒኮቶው ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ከጠነከረ ጋርኒሽኑ ተጠርጣሪ ነው። አረፋው ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ከቆመ ግን የታሰረ አየር ነው፤ ማሞቂያውን ከፍታችሁ፣ ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ ጠብቃችሁ የጎደለውን ሙሉ።